ደብዳቤ ይዤ ወደ ዲላው ስቱዲዮ

ከጉዞው ከተመለስኩ አራት ወር ሆኖኛል። መንገድ ላይ ሳለሁ ደብተሬ ላይ የጫርኩት ጥቂት ነው፤ ያውም ግማሹን ዝናብ አበላሽቶታል። ቢሆንም ከሐዋሳ ወዲያ ዘልቀው የማያውቁ ጓደኞቼ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ያየሁትንም የሆነውንም እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል ላስቀምጠው ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ ሥራዬን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ባለ አንድ የጌም አሳታሚ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። መጽሐፍ አሳታሚ የደራሲውን ሥራ አርሞና አሳትሞ ለአንባቢ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ እኛም ሌሎች የሠሩትን የስልክ ጌም ፈትሸን ለተጫዋች እናደርሳለን። ጌሞቹን የሚሠሩልን አራት ትንንሽ ስቱዲዮዎች ናቸው፦ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹ ሐዋሳ፣ ጅማና ዲላ። ስቱዲዮ ስል ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ላፕቶፕ፣ አንድ ሻይ ማፍያ፣ በቃ። የእኔ ድርሻ ከአራቱም ጋር እየተነጋገሩ ሥራው የት እንደደረሰ መከታተል ነው።

የዲላውን ስቱዲዮ ከሁለት ዓመት በፊት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሔኖክ ብዙም አልወደደውም ነበር። ያቀረቡልን ጌም ከቡሌ ደጋ ተነስታ፣ ጭነት አዝላ፣ ወደ ዲላ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሴት ያለችበት ነው። ተጫዋቹ ሴትየዋን ይመራል፤ መንገድ ላይ ሰው ታገኛለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ዝናብ ይመታታል፣ ትጠለላለች። ጠላት የለበትም፤ መተኳኮስም የለበትም። ተከራክሬ አሳመንኩት። ከዚያ በኋላ ግን የማስረከቢያው ቀን ሦስት ጊዜ አለፈ። ከሦስቱ ሠራተኞች አንዱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። ሔኖክ በመጨረሻ ቢሮው ጠርቶ የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ።

"ትዕግስት፣ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ" አለኝ። "የሚታይ ነገር ካለ ደውዪልኝ። ከሌለ ደብዳቤውን ስጫቸው። ስቱዲዮው ይዘጋል፤ ሥራውን የአዲስ አበባዎቹ ይጨርሱታል።"

ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከፎጣዬ ሥር ከተትኩት።

የመጀመሪያው ቀን

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሳነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ኅዳር ስለነበር ብርዱ የአዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። ዝዋይ ላይ ቁርስ ስንበላ አንዱን አወለቅኩ፤ ሻሸመኔ ላይ ሁለተኛውን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አለታ ወንዶ ወራጅ ነበረች፤ ልብሴን ስቀንስ እያየች "ገና ነሽ" ትለኛለች በየከተማው።

ከሐዋሳ ካለፍን በኋላ አገሩ ይለወጣል። እኛ ሰፈር ዛፍ ማለት በአጥር የታሰረ፣ የሚቆጠር ነገር ነው። እዚህ ቤቱ ነው ዛፍ ውስጥ የሚፈለገው። የእንሰቱ ቅጠል ከጣሪያው በላይ ወጥቶ፣ ከእንሰቱ በላይ ደግሞ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥር ቡናው። ይርጋለምን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማ ደግሞ አየር አልነበረውም። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ተቀመጥን። ጎረቤቴ አናናስ ከሚሸጡት አንዷን ጠርታ አስልጣ፣ ለእኔ የመጀመሪያውን ሰጠችኝ። አዲስ አበባ የምንበላው አናናስ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያ ሌላ ፍሬ መሆን አለበት።

ዲላ የገባሁት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ምሕረት መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ምሕረት የስቱዲዮው ሠዓሊ ናት፤ የጌሙን ሥዕል ሁሉ የምትሠራ። ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው እዚህ የከተሙ ናቸው፤ እሷ ግን ዲላ ተወልዳ ጌዴኦኛውን እንደ አማርኛዋ ትናገራለች። በስልክ ሁለት ዓመት ሙሉ ተነጋግረናል፤ በአካል ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። አቅፋ ሳመችኝና ቦርሳዬን ቀማችኝ። ፖስታው ያለበትን ቦርሳ እሷ ተሸክማ ከፊቴ ስትሄድ ከኋላዋ መራመድ ከበደኝ።

ያረፍኩባት ፔንሲዮን ውኃ አልነበራትም። ባለቤቷ እትዬ አበባ፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው የረጋ ሴት፣ በባልዲ ውኃ አሙቀው ይዘው መጡ። "ከመንገድ የመጣ ሰው በቀዝቃዛ አይታጠብም" ብለው በሩን ራሳቸው ዘጉልኝ። እኛ ሰፈር ባለ ሆቴል ውኃ ሲጠፋ ወረቀት በር ላይ ይለጥፋል።

ሁለተኛው ቀን

ስቱዲዮው ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ ያለ ክፍል ነው። ታሪኩ ከወንበሩ ተነስቶ ፈገግ አለ። ታሪኩ የጌሙ ፕሮግራመርና የስቱዲዮው ኃላፊ ነው፤ ቀድሞ የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። እጄን ዘረጋሁለት። አልጨበጠኝም። "እንኳን ደህና መጣሽ" ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። እጄን ቀስ ብዬ መለስኩ። ስለ ደብዳቤው ሰምቶ ይሆን? ወይስ ተቀይሞኛል? ብዬ አሰብኩ።

ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሆነ። የምጠይቀውን ሁሉ ምሕረት ቀድማ ትመልሳለች። ታሪኩ ላፕቶፑን ከፊቱ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ አድርጎ ይሠራል፤ የስክሪኑን ፊደል እጅግ አግዝፎታል። ያሳዩኝ ጌም ያማረ ነው፤ የእንሰቱ ቅጠል ላይ ውኃ ሲንሸራተት ስታዩት ትነኩት ዘንድ ያምራችኋል። ግን ከመንገዱ የተሠራው ገሚሱ ብቻ ነው። ሴትየዋ ከቡሌ ትነሳለች፤ ዲላ አትደርስም።

"የቀረው መቼ ያልቃል?" አልኩት ታሪኩን ስሙን ጠርቼ፣ ምሕረት እንዳትቀድመው።

"ይደርሳል" አለ።

"መቼ?"

ፊቱን ወደ ላፕቶፑ መለሰ። ምሳ ላይ ወደ ሚሪንዳው እጁን ሲሰድ ጠርሙሱን ገፍቶ ቀሚሴ ላይ ደፋው። ይቅርታውን እየደጋገመ ማበሻ ሲፈልግ፣ ማበሻው ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቱ ነው። ምሕረት አንስታ በእጁ አስያዘችው። ያኔም አልገባኝም። ይልቅ አመሻሹ ላይ ፔንሲዮን ተመልሼ ፖስታውን አወጣሁና አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ነገ እሰጣቸዋለሁ አልኩ ለራሴ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ታሪኩ ነው።

"ነገ ቡሌ እናቴ ጋ እንሂድ" አለኝ። "ጌሙ ምን እንደሆነ እዚያ ካላየሽው አይገባሽም። ከዚያ የፈለግሽውን ወስኚ።"

"የፈለግሽውን ወስኚ" ሲለኝ ደነገጥኩ። ፖስታውን መልሼ ከፎጣው ሥር ከተትኩት።

ሦስተኛው ቀን

ዲላና ቡሌ በርቀት ጎረቤት ናቸው፤ በአየር ግን ሁለት አገር። ሚኒባሷ እየተንገራገጨች ወደ ላይ ስትወጣ ያወለቅኳቸውን ሹራቦች መልሼ ደረብኩ። አንድ ዳገት ላይ ወርደን ሁላችንም ገፋናት። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እግሬ ብቻውን ወጣ፤ ከኋላዬ ይገፉ የነበሩ አንድ አባት ጫማዬን አውጥተው፣ ጭቃውን በሣር ጠርገው ሰጡኝ።

ከመኪናው ከወረድን በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። ጉም ወርዶ ስለነበር ከሃያ እርምጃ ወዲያ አይታይም። ታሪኩ ግን ከዲላው ታሪኩ ሌላ ሰው ሆነ። ከፊታችን ቀድሞ፣ እያወራ፣ እየቀለደ፣ ኩሬውን እየዘለለ ይሄዳል። እኔና ምሕረት ተያይዘን ከኋላ እንከተላለን።

"እዚህ ጋ ድምፁ ይለወጣል፤ ስሚ" ይለኛል ቆም ብሎ። "ዝናቡ እንሰት ላይ ሲወርድ ወፍራም ነው። አሁን ደግሞ ባሕር ዛፍ ውስጥ ልንገባ ነው፤ ይቀጥናል።"

እውነቱን ነበር። በሕይወቴ ዝናብን እንዲህ አዳምጬው አላውቅም።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ እንዳልን ወደቀ። አንድ ሰው ያን ቀን ጠዋት ዛፍ ቆርጦ መንገዱ ላይ አጋድሞት ነበር። ጉም ቢሆንም ግንዱ ለእኔ ከኋላ ሆኜ እንኳ ታይቶኛል፤ እሱም አይቶት ይዘለዋል ብዬ ነበር የምጠብቀው። በሙሉ እርምጃው ገባበትና በፊቱ ተደፋ። ስንደርስ ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይወርዳል። እኔ ስርበተበት ምሕረት ነጠላዋን ቀድዳ ቁስሉን አሰረችው። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። ይህን ከዚህ በፊትም አድርጋዋለች። ያን ጊዜ ያልተጨበጠው እጄ፣ ሚሪንዳው፣ የገዘፈው ፊደል፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣልኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው" አለ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ። "ከዳር ከዳሩ እየጠበበ ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ ከጎን፣ ከሥር የለም። ሲጨላልም ደግሞ ምንም። ሐዋሳ ታይቼ ነበር፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም አሉኝ።" ትንሽ ቆይቶ ጨመረ። "እናቴ አታውቅም። እባክሽ እዚያ እንዳታነሺው።"

ቀሪውን መንገድ ምሕረት ክንዱን ይዛው ሄድን። ቤቱ ሲቃረብ ክንዱን አስለቀቃትና ብቻውን ቀደመ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ በር፣ በግራም በቀኝም፣ በኖራ የነጡ ድንጋዮች ተደርድረው ነበር። በጉሙ ውስጥ እንኳ ቦግ ብለው ይታያሉ። እሱ በመሃላቸው ቀጥ ብሎ ገባ።

እናቱ እማማ ብርቅነሽ በር ላይ ተቀበሉን። አጭር፣ ቀጭን፣ እጃቸው ጠንካራ ሴት ናቸው። አማርኛ የሚናገሩት በኋላ ተምረውት ስለሆነ ሴት ወንድ አይለዩበትም። "አንተ ከአዲስ አበባ መጣህ? ደከመህ? ግባ፣ ግባ፣ ብርድ ነው" አሉኝ። ከእናቴ ቤት ወዲህ እንደዚያ "አንተ" ያለኝ የለም፤ እሷም ልጅ ሳለሁ ስታቆላምጠኝ ነበር እንዲያ የምትለኝ።

የልጃቸውን ግንባር ሲያዩ፣ ታሪኩ የተጋደመ ዛፍ እንደጣለው ነገራቸው። እሳቱ አጠገብ አስቀምጠው በለብ ያለ ውኃ ቁስሉን እያጠቡ በጌዴኦኛ ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። ታሪኩ ግን እየሰማ አንገቱን ደፋ። ምሕረት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"'ዛፉን ማን አጋደመው? ሄጄ እነግረዋለሁ' እያሉት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ እያዳመጠች ቀጠለች። "'ያለፈው ዓመት መስቀል የመጣህ ጊዜ፣ ሲመሽ፣ በሩን በእጅህ ስትፈልግ አይቼሃለሁ። ድንጋዩን በኖራ የቀባሁት ያኔ ነው። ለበዓል ነው ያልኩህ እንዳይከፋህ ነው። ዝናብ ሲያጥበው መልሼ እቀባዋለሁ።'"

ታሪኩ እጁን ዘርግቶ የእናቱን ጉልበት ፈለገና ያዘው። እሳቸው ማጠባቸውን አላቋረጡም።

ራታችን ቆጮ በጎመንና በቅቤ ነበር። እኔ ከዚህ በፊት አዲስ አበባ ሬስቶራንት ውስጥ ከክትፎ ጋር በስሱ ተቆርጦ ነው የማውቀው፤ ይህ ከምድጃ እንደወጣ ትኩስ፣ ወፍራም፣ አንዱ ቁራሽ እስከ ማግስቱ የሚያቆይ። እማማ ብርቅነሽ ባቆምኩ ቁጥር "ብላ" ይሉኛል። አልጋቸውን ለእኔና ለምሕረት ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። እንቢ ብል አልሰሙኝም።

ምሕረት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ፣ ገና እንደተጋደምን፣ "ትዕግስትዬ፣ ደክሞኛል" አለችኝ። "ሥዕሉን እኔ እሠራለሁ፣ ኮዱን እኔ አነብለታለሁ፣ በስልክ እኔ እዋሻለሁ። ጓደኛዬ ነው፤ አልተውኩትም። ግን ደክሞኛል።" እጇን ያዝኩ። ስለ ፖስታው ልነግራት ፈልጌ አቃተኝ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ከቡሌ ወረድን፤ ከዲላ ደግሞ በወናጎና በይርጋጨፌ አድርገን ወደ ገደብ። ታሪኩ ግንባሩን አስሮ፣ ትንሽዬ የድምፅ መቅጃውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ነበር። ባንኮ ጎቲቲ ያለው የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሥራ ላይ ስለሆነ ድምፁን ልንቀዳ ነው የምንሄደው። ጌሙ ውስጥ ሴትየዋ በዚያ ታልፋለች ተባለ። እውነት ለመናገር፣ ሴትየዋ ከቡሌ ወደ ዲላ ስትወርድ በባንኮ ጎቲቲ አታልፍም፤ አቅጣጫው ሌላ ነው። ይህን ስለው "ድምፁን ስትሰሚ ትፈቅጂልኛለሽ" አለኝ።

ከገደብ ወዲያ በሞተር ሄድን። በየደጃፉ ቀይ ቡና በጆንያ ተደርድሯል። አዲስ አበባ ቡና ማለት ለእኔ በፕላስቲክ የታሸገ ዱቄት ነው፤ እዚህ አገሩን ሁሉ የሚያስሮጥ ነገር ነው። የጣቢያው ጠባቂ ጋሽ ማርቆስ ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ማሽኑ አጠገብ ወሰዱን። መፈልፈያው ሲያጓራ፣ ቡናው በውኃው ቦይ ውስጥ ሲንኳኳ፣ የማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ደግሞ ሲያዜሙ፣ ታሪኩ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ከዚያ መቅጃውን ለእኔ ሰጠኝ። "አንቺ ወደ ውኃው አስጠጊው፤ እኔ ከዳሩ እወድቃለሁ" አለኝ እየሳቀ። ስለ ዓይኑ ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያው ነው።

አስጠጋሁት። የቦዩ ዳር ያዳልጥ ነበር። እግሬ ሲከዳኝ መቅጃው ከእጄ አምልጦ ውኃው ውስጥ ገባና ከቡናው ጋር ሄደ። አንዷ ሴት ቦዩ መጨረሻ ላይ በቅርጫት አወጣችው፤ ግን ሞቷል። በውስጡ ታሪኩ ለሦስት ሳምንት የቀዳቸው ድምፆች ነበሩበት፤ ገና ወደ ላፕቶፑ አልገለበጣቸውም።

ማልቀስ ጀመርኩ። መቅጃው ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ። ጋሽ ማርቆስ የራሳቸውን ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ። አንዷ ሴት ምን እንደሆነ በጌዴኦኛ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። እሷም ወደ ጓደኞቿ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሳቁ።

"ምን አለች?" አልኩ።

"'ዘፈኑ የእኛ ነው፤ ውኃ አልወሰደውም። እንደገና እንልላታለን' ነው የምትለው" አሉኝ ጋሽ ማርቆስ።

እንደገና አሉት። በስልኬ ቀዳሁት። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስተኛው ከሁሉም ያምራል።

ከሰዓት በኋላ ገደብ ላይ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ታሪኩ ላፕቶፑን አወጣና ጆሮ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ራሱ አደረገልኝ። "ይህን ማንም አላየውም" አለ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ምንም የለበትም። "በቀስቱ ቁልፍ ተራመጂ።"

ተራመድኩ። ዝናቡ ወፍራም ነበር፤ እንሰት ውስጥ ነኝ። ወደ ቀኝ ስል ቀጠነ። ከግራ ወንዝ ሰማሁ፤ ስጠጋው ጎላ፤ በጣም ስጠጋ የጭቃ ድምፅ አስጠነቀቀኝና ተመለስኩ። ከፊቴ ሰው መጣ፣ በጌዴኦኛ ሰላም አለኝ፣ አልፎኝ ሄደ፤ ድምፁ ከኋላዬ ራቀ። ዓይኔን መቼ እንደጨፈንኩ አላውቅም። ከዚያ ጠፋሁ። ወንዙም ከሁሉም አቅጣጫ ሆነብኝ።

"ቁሚ" ይለኛል ታሪኩ ከአጠገቤ። "አትቸኩዪ። ውሻው የሚጮኸው በየት በኩል ነው?"

ጆሮ ማዳመጫውን ሳወልቅ ሻዬ በርዷል። ከቡሌ እስከ ዲላ ያለው መንገድ ሙሉ ነበር። በሥዕል ያልጨረሱትን እሱ በድምፅ ጨርሶታል።

"ለራሴ ነው የሠራሁት" አለ። "ስክሪኑ ሲያቅተኝ። ለሔኖክ ስለ ዓይኔ አትንገሪው፣ ትዕግስት። ማየት የተሳነው ፕሮግራመር ማን ያሠራል?"

ፖስታውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ይዤው እንደዞርኩ ነገርኩት። አንስቶ ቀደደው፤ ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ሻይ ቤቱ ጨለም ስለሚል አልቻለም። ለምሕረት ሰጣት። እሷም ጮክ ሳትል፣ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው፣ አነበበችለት።

"ታዲያ ለምን ሐሙስ፣ ስቱዲዮ እንደመጣሽ፣ አልሰጠሽንም?" አለኝ።

"ቡሌ እንሂድ ስላልከኝ። ለሔኖክ ግን መዋሸት አልችልም።"

ደብዳቤውን ከምሕረት ተቀብሎ አጠፈና "መዋሸት አትችዪም፤ ልክ ነሽ" አለ። "ግን አንቺ አትንገሪው። እኔ እደውላለሁ።"

አምስተኛው ቀን

እሑድ ነበር። ዲላ በጠዋት በሁለት ዓይነት ዝማሬ ትነቃለች፤ ምሕረት ከቅዳሴ፣ ታሪኩ ከአምልኮ ሲመለሱ ስቱዲዮው ተገናኘን። እትዬ አበባ "ባዶ ሆድ ሥራ አይወራም" ብለው ፍርፍር በሣህን ሸፍነው አስይዘውኛል። ማንም አልነካውም።

ታሪኩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ደወለና ድምፁን ለሁላችን ከፈተው።

"ሔኖክ፣ ታሪኩ ነኝ። ደብዳቤህን ሰምቻለሁ። ከመዝጋትህ በፊት የደበቅኩህን ልንገርህ።" ነገረው። አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። የምሕረትንም ድካም ነገረው፤ ያን ጊዜ ነው እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ያዞረችው።

በወዲያ በኩል የልጅ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ በር ሲዘጋ።

"ሁለት ዓመት?" አለ ሔኖክ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔን?"

"አዎ።"

"የተዋዋልነው ጌም ቀርቷል" አለ ሔኖክ። "በዚህ ልዋሽህ አልችልም፤ ሥዕል ያለውን ጌም በዚህ ሁኔታ አትጨርሱትም። ደብዳቤው ስለ እሱ ከሆነ እንዳለ ነው።" ቀጥሎ ጠየቀ። "ትዕግስት አለች? የድምፁ ጌም ምንድን ነው?"

"ጠፋሁበት" አልኩት። "ዓይኔን ጨፍኜ ጠፋሁበትና መውጣት አልፈለግኩም። አንተም ሞክረው፤ ዛሬ እልክልሃለሁ።"

ሔኖክ ለስላሳ ሰው አይደለም፤ ፍርዱ ግን ትክክል ነው። አዲሱን ጌም እንደ ማንኛውም ስቱዲዮ እስከ ፋሲካ አስረክበው እንዲያስፈትሹ፣ ከዚያ እንዲወሰን፣ እስከዚያ ስቱዲዮው እንዳይዘጋ፣ ኃላፊነቱን ደግሞ ምሕረት በስሟ እንድትይዝ አለ። ታሪኩ የድምፁንና የጌሙን ሐሳብ ይሠራል፤ ኮዱን የሚያግዝ ሰው ከሐዋሳዎቹ ይመደባል።

"ኃላፊነቴን ወሰድክብኝ" አለው ታሪኩ።

"ወስጃለሁ።"

"ጥሩ" አለ ታሪኩ። ስልኩን ዘጋ። ምሕረት ፍርፍሩን ገልጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሱ አጎረሰችው፤ ከዚያ ለእኔ። ቀዝቅዟል፤ ግን ሣህኑን ባዶ አደረግነው።

ስድስተኛው ቀን

እትዬ አበባ የሒሳብ ነገር ከመነሳቱ በፊት አንድ ጆንያ አቮካዶ በር ላይ አስቀምጠው ነበር። "ሰፈርሽ ላሉት" አሉኝ። መናኸሪያው ድረስ ታሪኩና ምሕረት ሸኙኝ። የመኪናው መንገድ ጋ ስንደርስ ባጃጁ ብዙ ነበር። ታሪኩ ቆመና ክርኑን ወደ ምሕረት ዘረጋ፤ ሰው እያየው፣ የቀድሞ ተማሪዎቹም እያዩት፣ ተደግፎ ተሻገረ። አንዱ ተማሪው "ቲቸር" ብሎ ሰላም ሲለው "ማን ነህ? ቀረብ በል፤ ዓይኔ ደክሟል" አለው። ስንሰነባበት እጄን ዘረጋሁለት፤ ከዚያ ትዝ ብሎኝ ራሴ እጁን ፈልጌ ያዝኩት።

መንገዱ ያለ ችግር አለቀ፤ አቮካዶው ብቻ ሞጆ ላይ ጆንያው ተቀድዶ ከመቀመጫው ሥር ተበተነ። ግማሹን ተሳፋሪው ሰብስቦ መለሰልኝ። አዲስ አበባ ስገባ መልሼ ሹራብ ደረብኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላክል። ጌሙን ለሌሎቹ ስቱዲዮዎች ልከነዋል። የጅማዎቹ ወንዙ ላይ ጠፍተው ግማሽ ቀን ዋሉ። የሐዋሳው ልጅ በየሳምንቱ ዲላ እየሄደ ኮዱን ከታሪኩ ጋር ይሠራል፤ ምሕረት ቅዳሜን እያረፈች ነው። የታሪኩ ዓይን ግን እንደ ተነገረው እየጠበበ ነው፤ በበትር መሄድ እየተማረ ነው።

ባለፈው ሳምንት ምሕረት ደውላ ጌሙ በሁለት ሳምንት እንደሚዘገይ ነገረችኝ። ምክንያቱን ጠየቅኳት። ቡሌ ሄደው ለእማማ ብርቅነሽ ጆሮ ማዳመጫውን አድርገውላቸው ነበር። እማማ በጌሙ ውስጥ እየተራመዱ ሳሉ ያ መንገደኛ መጥቶ ሰላም ይላቸዋል። እሳቸውም ሰላምታውን ጮክ ብለው መለሱ፣ ቤተሰቡን ጠየቁ፣ ከብቱን ጠየቁ፣ አዝመራውን ጠየቁ፤ ከዚያ ቆመው መልሱን ጠበቁ። መንገደኛው ግን አልፎ ሄዷል። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡት። "ይሄ ሰው አልጠየቀኝም" አሉት። "ሰላም ብሎኝ ልጅህ እንዴት ነው ሳይል ይሄዳል? የማን ልጅ ነው? አስተምረው።"

ታሪኩ አሁን መንገደኛውን እያስተማረ ነው። የጌዴኦ ሰላምታ ረጅም ስለሆነ ብዙ ቀረጻ ይፈልጋል፤ መልሱን ለመቅዳት የጎረቤቶቻቸውን ሽማግሌዎች በሙሉ እየዞረ ነው።

ለሔኖክ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ አሰበ።

"ሁለት ሳምንት ይበቃቸዋል?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩት።

"ሦስት በያቸው።"